አንድ ፕሮቶኮል፣ ሁለት የቅልጥፍና ቁጥር፦ የጋራው ጥንድ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

በመድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስለ ኳንተም ቴሌፖርቴሽን ለሴሚናር እየተዘጋጀሁ ሳለ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ያንኑ ፕሮቶኮል ሁለት ቦታ አነበብኩት። አንዱ ጋ ቅልጥፍናው (የተገኘው ለወጣው ሲካፈል) 25 በመቶ ነው። ሌላው ጋ 50 በመቶ ነው። ሒሳቡን ደጋግሜ ሠራሁት። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ልክ ሆነው አገኘኋቸው። ታዲያ ሰው ፊት ቆሜ የትኛውን ልናገር?

በመክፈቻው ጽሑፍ ነገሩን ከሥሩ አስቀመጥኩት። ቴሌፖርቴሽን የአንድን ቅንጣት ኳንተም ሁኔታ፣ ቅንጣቱን ራሱን ሳይልኩ፣ ወደ ሌላ ቦታ ማስተላለፊያ ነው፤ በ1993 ቤኔት፣ ብራሳርድና አራት ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ዘዴ ነው። ላኪና ተቀባይ አስቀድመው አንድ የተጠላለፈ ጥንድ፣ ማለትም የልኬት ውጤታቸው የተዛመደ ሁለት ቅንጣቶች፣ ይካፈላሉ። አንዱ ቅንጣት ላኪዋ ጋ፣ ሌላው ተቀባዩ ጋ ይቀመጣል። ላኪዋ ልትልከው የፈለገችውን ኩቢት (የኳንተም ቢት) ከራሷ ግማሽ ጋር አጣምራ ትለካለች። ከአራት ውጤቶች አንዱ ይወጣል። ያንን ውጤት በ2 ተራ ቢት፣ በስልክም ቢሆን፣ ለተቀባዩ ትነግረዋለች። እሱ ደግሞ በተነገረው መሠረት የራሱን ግማሽ ያስተካክላል። ኩቢቱ እሱ ጋ ተገኘ ማለት ነው። እሷ ጋ የነበረው ግን ጠፍቷል። ጥንዱም አብሮ አልቋል።

እንግዲህ የደረሰው 1 ኩቢት ነው። የወጣው ስንት ነው? የጥንዱን 2 ኩቢትና 2ቱን ቢት ከቆጠርን አንድ ለአራት፣ 25 በመቶ ይሆናል። ጥንዱ ድሮም የነበረ ነው ብለን ቢቶቹን ብቻ ከቆጠርን አንድ ለሁለት፣ 50 በመቶ ይሆናል። የሚላከውን ኩቢት ራሱን ወጪ ውስጥ የሚያስገባም አለ፤ ያኔ 20 በመቶ ይሆናል። ጥያቄዬ አጭር ነበር፦ የጋራው ጥንድ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

ሦስት አራት መልስ ጠብቄ ነበር። 25 መጣ። እንዳይጠፋ ብዬ እዚህ በቅደም ተከተል እተርካለሁ።

መልስ 1 በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰኝ። ጸሐፊው በትሕትና ሰላም ብሎ ይህ ዓይነቱ ቀመር ከየት እንደመጣ አስታወሰኝ። በ2000 የሴቪያው ፊዚሲስት አዳን ካቤሎ ስለ ምስጢር ቁልፍ ማከፋፈል፣ ማለትም ሁለት ሰዎች መልእክት የሚቆልፉበትን የጋራ ምስጢራዊ ቢት ስለማግኘት፣ ሲጽፍ ያቀረበው ነው። የተገኘው ምስጢራዊ ቢት፣ በመስመሩ ለተላከው ኩቢትና ለተለዋወጡት ተራ ቢት ድምር ይካፈላል። ምሳሌም ሠራልኝ። ቤኔትና ብራሳርድ በ1984 ባወጡት፣ ቢቢ84 በሚባለው የቁልፍ ማከፋፈያ ፕሮቶኮል ላኪና ተቀባይ የመለኪያ አቅጣጫቸውን በዘፈቀደ ይመርጣሉ። አቅጣጫቸው የሚገጥመው በግማሹ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) በአማካይ ግማሽ ቢት ይተርፋል። ወጪው 1 ኩቢትና አቅጣጫውን ለማነጻጸር 1 ቢት ነው። ግማሽ ለሁለት ሲካፈል 25 በመቶ ይሰጣል። ከእኔ 25 ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ብቻ እንደሆነም አስጠነቀቀኝ። ደግ ነው ያስጠነቀቀኝ፤ ልሳሳት ነበር።

መልስ 2 ያው ጥያቄ የነበረበት ሰው ነው። እንደሚከታተል ነግሮን አለፈ።

መልስ 3 ከራሳቸው አነጋገር የፊዚክስ መምህር እንደሆኑ ከሚያስታውቁ ሰው ነው። መልስ 1ን አመስግነው አረሙት። የካቤሎ ቀመር ለቁልፍ ማከፋፈል የተሠራ ነው። የሰላይ መቆጣጠሪያ የሚሆኑትን ቢቶች አይቆጥርም። መስመሩም ፍጹም ነው ብሎ ይነሣል። ወደ ቴሌፖርቴሽን ሲወሰድ ኩቢትንና ቢትን በአንድ ድምር መጨመሩ ራሱ እንደሚያስቸግራቸው ጻፉ። ኩንታልና ሊትር እንደመደመር ነው። ቢሆንም የጋራው ጥንድ መቆጠር አለበት ባይ ናቸው። ማስረጃቸው ደግሞ ልብ የሚያሳርፍ ነው።

ማስረጃው ሱፐርደንስ ኮዲንግ ነው፤ ቤኔትና ዊዝነር በ1992 ያቀረቡት። የቴሌፖርቴሽን ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። የጋራ ጥንድ ካለ፣ ላኪዋ የራሷን ግማሽ ከአራት መንገዶች በአንዱ ለውጣ ትልከዋለች። ተቀባዩ ሁለቱን አንድ ላይ ለክቶ 2 ቢት ያነባል። የተላከው 1 ኩቢት ብቻ ነው። ጥንዱን ካልቆጠርን ቅልጥፍናው 200 በመቶ ይወጣል። ሆሌቮ በ1973 እንዳሳየው ግን ከአንድ ኩቢት ከ1 ቢት በላይ ማውጣት አይቻልም። ቀድሞ ተቀባዩ ዘንድ የተቀመጠውን ግማሽ ስንቆጥር 2 ቢት በ2 ኩቢት ይሆናል። ልክ 100 በመቶ። ሒሳቡ ከሕጉ ጋር ታረቀ። መምህሩ አሳምነውኝ ነበር። እስከ መልስ 5 ድረስ።

መልስ 4 ሱቅ ያለው ሰው ነው። ፊዚክስ እንዳልተማረ፣ ክሩን በጉጉት እንዳነበበ ጻፈ። ነገሩን ከንግድ ጋር አገናኘው። ከመርካቶ ዕቃ አምጥቶ የሚሸጥ ሰው የማመላለሻውን ብቻ ቀንሶ የቀረውን ትርፍ ካለ፣ ዋናውን ገንዘብ ረስቷል ማለት ነው። ዕቃው ከተሸጠ በኋላ መደርደሪያው ላይ የለም። ጥንዱም ቴሌፖርት ከተደረገ በኋላ የለም። የሚቀጥለው ኩቢት ሌላ ጥንድ ይፈልጋል። እኔ በገጽ ሙሉ ያልቻልኩትን በአራት መስመር ተናገረው።

መልስ 5 በአክብሮት ተቃወመ። ዋናው ነገር ጊዜው ነው ባይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በሌሊት ይመጣል፤ ሰው ሮቶውን በሌሊት ሞልቶ ቀን ይጠቀማል። ጥንዶችን መስመሩ ነፃ በሆነበት ሰዓት አከፋፍሎ ማስቀመጥ ይቻላል። ቀን ላይ አስቸኳይ ኩቢት ሲመጣ የሚያስፈልገው 2 ቢት ብቻ ነው። ያን ሰዓት የሚለካው ሰው 50 በመቶ ቢል አልዋሸም። የሚለካው ሌላ ነገር ነው።

መልስ 6 ያንኑ ሮቶ ይዞ መጣ። ሮቶው ያፈሳል አለን። የኳንተም ማኅደረ ትውስታ እንደ በርሜል ውሃ አይጠብቅም፤ ጥንዱ በተቀመጠበት ይበላሻል። ይህ ሰው ያመጣው ምሳሌ ክሩ ውስጥ ካሉት ምርጦች አንዱ ነው። በ2018 የኔዘርላንድ ዴልፍት ተመራማሪዎች በአልማዝ ውስጥ ባሉ ኤሌክትሮኖች መካከል ጥልፍልፍ ፈጠሩ። በሰከንድ እስከ 39 ጊዜ መፍጠር ቻሉ። የተፈጠረው የሚበላሽበት ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 5 ነው። 39 ለ5 ሲካፈል ወደ 8 ይጠጋል። ይህን የመስመሩ ቅልጥፍና ብለው ጠሩት። ከ1 በታች ቢሆን ኖሮ ጥንዱ ከሚሠራው በላይ በፍጥነት ያልቅ ነበር። ሮቶው ከሚሞላው በላይ ያፈሳል እንደማለት ነው። የመልስ 5 ሐሳብ የሚሠራው ይህ ቁጥር ከ1 በላይ ሲሆን ብቻ ነው። መልስ 5ም ተመልሶ መጥቶ ተስማማ፤ ግን እንደ አዲስ መልስ ስላልቆጠረው ቁጥር አላገኘም።

መልስ 7 ወደ ሰማይ አወጣን። ቻይና በነሐሴ 2016 ያመጠቀቻት ሚሲየስ ሳተላይት በላይዋ የተጠላለፉ የፎቶን ጥንዶች መሥሪያ አለ። በሰከንድ 5.9 ሚሊዮን ጥንድ ይሠራል። በ2017 በታተመው ሙከራ እነዚህ ጥንዶች በ1203 ኪሎ ሜትር ለተራራቁት ለዴሊንግሃና ለሊጂያንግ ጣቢያዎች ተላኩ። ሁለቱም ግማሾች ደርሰው የተመዘገቡት ስንት ናቸው? በአማካይ በሰከንድ 1.1 ጥንድ። ከ5 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ አንድ ይደርሳል። ጸሐፊው በዚህ አላቆመም። በ2020 በዚያው ሳተላይት በ1120 ኪሎ ሜትር ርቀት ምስጢራዊ ቁልፍ ተሠራ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.12 ቢት። 128 ቢት ያለው አንድ ቁልፍ ለመሙላት 18 ደቂቃ ገደማ ጥራት ያለው ምልክት ያስፈልጋል። ሳተላይቷ ደግሞ በአንድ ማለፍ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የምትታየው። በወረቀት ላይ ያለው 25 በመቶ እዚህ ምን ይሠራል? ብሎ ነው የጨረሰው። መልስ አልነበረኝም።

መልስ 8 የምድሩን ሒሳብ በአገራችን መንገድ ሠራው። በጥሩ ፋይበር ብርሃን በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ አዳማ በመንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመቶ ፎቶን አንዱ ይደርሳል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ብንል ከሚሊዮን ሦስቱ ይደርሳሉ። 1000 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ በሰከንድ 10 ቢሊዮን ፎቶን ብንልክ አንዱ እስኪደርስ 300 ዓመት ያህል እንጠብቃለን። ተራ ፋይበር ላይ በየመሐሉ ማጉያ ይተከላል። የኳንተም ሁኔታ ግን አይቀዳም፤ ስለዚህ አይጎላም። ሒሳቡን አንድ በአንድ ተከተልኩት። ልክ ነው። ከዚያ ግን ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው፣ ለእኛ አይረባም ወደሚል መደምደሚያ ገባ። የክሩ ድምፅ መቀየር የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 9 በቁጣ መለሰ። የማይረባ ከሆነ ለምን ይህን ሁሉ ሒሳብ ሠራህ ብሎ ጠየቀው። ቁም ነገርም ነበረው። ሳተላይቱ የተመረጠው ፋይበሩ ስለማይችል ነው፤ በአየር አልባው ሕዋ ውስጥ ብርሃን አይበላም። በምድርም ላይ መንገዱን ከፋፍሎ በየመሐሉ ጥንዶችን የሚያገናኝ ሪፒተር የሚባል ሐሳብ ከ1998 ጀምሮ አለ። መልስ 8 ይህን እያወቀ እንደዘለለው ከሰሰው። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ሳያውቅ የዘለለ ይመስለኛል።

መልስ 10 ነገሩን አቀጣጠለው። ርቀትና ኪሳራ ምን አገባን ባይ ነው። ጥልፍልፍ በቅጽበት ይሠራል፤ ጊዜው ዜሮ ነው፤ በዜሮ ሲካፈል ቅልጥፍናው ወሰን የለውም። ሁላችንም በከንቱ እንደደከምን ጻፈ።

መልስ 11 እንደ በረዶ ወረደበት። ፊዚክሱ ትክክል ነው። ላኪዋ ስትለካ አራቱ ውጤቶች እኩል ዕድል አላቸው። 2ቱ ቢቶች እስኪደርሱት ድረስ ተቀባዩ ያለው ሳንቲም ወርውሮ ከሚያገኘው የተለየ መረጃ የለውም። ቢቶቹ የሚሄዱት ደግሞ በስልክ፣ በሬዲዮ፣ በፋይበር ነው፤ ቢበዛ በብርሃን ፍጥነት። ስለዚህ በቅጽበት የሚተላለፍ መልእክት የለም። ይህን ብሎ ቢያቆም መልካም ነበር። አላቆመም። ሳያነቡ የሚጽፉ ሰዎች መድረኩን እንዳቆሸሹት ጨመረ። መልስ 12 ከመልስ 10 ጸሐፊ ነው፤ ስለ ፊዚክስ አንድም ቃል የለበትም፣ የተጎዳ ሰው ጽሑፍ ነው። አድሚኑ በመልስ 13 ገብቶ ሁለቱንም አለዘበ። እርማቱ ይቆይ፣ ስድቡ ይጥፋ ነበር ፍርዱ። ከመልስ 11 ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተሰረዘ። ልክ ነበር። ይህን የተሳሳተ ሐሳብ ብዙ ሰው ይዞት ይዞራል፤ እኔም ይዤው አውቃለሁ። ማንም በስድብ አልነቀለልኝም።

ከ14 እስከ 18 ያሉት መልሶች ከርዕስ ወጡ። ግን ወደ ቆንጆ ቦታ ነው የወጡት። አንዷ ለምን ጥልፍልፍ እንደምንለው ጠየቀች። ጥልፍልፍ የተወሳሰበ ክር ያስመስለዋል። ነገሩ ውስብስብ አይደለም፣ የተጣመረ ነው እንጂ። ሌላው ቁርኝት ይሻላል አለ። ሦስተኛው ከዚያው ሥር ቁራኛ የሚለውን ቃል አወጣ። በድሮው የአገራችን ፍርድ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ አንድ ላይ ታስረው ወይም ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው አይንቀሳቀስም። ቃሉን ሳነበው ደስ አለኝ። ግን በመልስ 17 መምህሩ ተመለሱና በለሆሳስ ያዙን። ቁራኛ ሰንሰለት አለው። አንዱ ሲስብ ሌላው ይሰማዋል። በጥንዱ መካከል ግን የሚሳብ ነገር የለም። ላኪዋ የፈለገችውን ብታደርግ ተቀባዩ በራሱ ግማሽ ላይ ምንም ለውጥ አያይም፤ ዝምድናው የሚታየው ሁለቱ መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብቻ ነው። ቃሉ የመልስ 10ን ስሕተት በጓሮ በር ያስገባል ማለታቸው ነው፤ ስሙን ግን አላነሱም። ጨዋነታቸው ገረመኝ። መልስ 18 ለጊዜው በጥልፍልፍ እንድንቀጥል ሐሳብ አቀረበ፤ ማንም አልተቃወመም።

መልስ 19 የክሩ ልብ ነው። የጻፈችው ሴት ስለ ራሷ ምንም አልነገረችንም። በቀጥታ ወደ ቁጥር ገባች። እስካሁን የቆጠርነው ሁሉ ጥንዱ ፍጹም ነው ብለን ነው አለች። ፍጹም ጥንድ ግን ማንም የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የጥንዱን ጥራት እንለካ። የቤል ጥንድ ከሚባለው ፍጹም የተጠላለፈ ጥንድ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚነግረን ፊደሊቲ የሚባል ቁጥር አለ፤ 1 ከሆነ ፍጹም ነው። ጉድለቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል የተበተነ ጥንድ እንውሰድ። በ1989 ካጠናው ሰው ስም የቬርነር ሁኔታ ይባላል።

ጥራቱ 0.9 የሆነ ጥንድ ይዘናል እንበል። ለቴሌፖርቴሽን ብንጠቀምበት የሚደርሰው ኩቢት በአማካይ 0.93 ያህል ከዋናው ጋር ይመሳሰላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጥራቱን በሁለት አባዝቶ 1 መጨመርና ለሦስት ማካፈል። ያለ ጥልፍልፍ፣ ለክቶ በመናገር ብቻ፣ ከ2 ሦስተኛ በላይ አይኬድም። ስለዚህ 0.93 በጣም ጥሩ ነው። ያንኑ ጥንድ ለሱፐርደንስ ኮዲንግ ብንጠቀምበት ግን የሚሸከመው 2 ቢት አይደለም። 1.37 ቢት ብቻ ነው። ብዙ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን አጣርተን ጥቂት ፍጹም ጥንድ ለማውጣት ብንፈልግ፣ ሃሺንግ በሚባለው ዘዴ ከመቶው 37 ያህል እናገኛለን።

አሁን ጥራቱን ወደ 0.82 እናውርደው። ቴሌፖርቴሽኑ አሁንም 0.88 ይሰጣል፤ ከወሰኑ እጅግ ይበልጣል። ሱፐርደንሱ ከ1 ቢት እምብዛም ፈቀቅ አይልም፤ 0.81 ላይ ሲደርስ ጥቅሙ በሙሉ ያልቃል፣ ኩቢቱን ያለ ጥንድ መላክ ይበቃል። ቁልፍ ለመሥራት ደግሞ የቢቢ84 ዓይነቱ ስሌት የሚታገሠው ስሕተት 11 በመቶ ነው። በ0.82 ጥንድ ስሕተቱ 12 በመቶ ይሆናል። ምስጢራዊ ቁልፍ ዜሮ። አንድ ጥንድ፣ ሦስት ሥራ፤ ለአንዱ ደህና ነው፣ ለሌላው አፋፍ ላይ ነው፣ ለሦስተኛው የሞተ ነው።

ይህን አንብቤ ወረቀት አወጣሁ። ሁሉንም ቁጥር በእጄ ሠራሁት። ሁሉም ወጣ። ጥያቄዬ ጎደሎ እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጥንዱ ይቆጠራል ወይ ብዬ ነበር የጠየቅኩት። የትኛው ጥንድ፣ ለየትኛው ሥራ፣ በየትኛው ሰዓት የሚለውን ሳልጨምር መልስ ሊኖረው አይችልም ነበር። ሴሚናሬን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ጻፍኩት።

መልስ 20 በመልስ 19 ላይ ተንተርሶ ሌላ ቁስል ነካ። በአምስት፣ በስድስት፣ በሰባት ኩቢት የተጠላለፈ ትልቅ ሁኔታ እየሠሩ ሁለት የቤል ጥንድ የሚሠራውን ሥራ የሚሠሩ ጽሑፎች በዝተዋል አለ። ስሌቱን ሰጠን። ሁለት ሰዎች ግራ ቀኝ ኩቢት ቢለዋወጡ በሁለት የቤል ጥንድ 4 ኩቢትና 4 ቢት ያወጣሉ፤ 2 ለ8፣ ያው 25 በመቶ። ተቆጣጣሪ ሦስተኛ ሰው ሲጨመር 5 ኩቢትና 5 ቢት ይሆናል፤ 20 በመቶ። ተቆጣጣሪ ካስፈለገ ወጪው ተገቢ ነው። ካላስፈለገ ግን ትልቁ ሁኔታ ጌጥ ነው። በ2017 ከህንድ የወጣ ሥራ ይህንኑ በስሌት አሳይቷል፤ የሚላከው ሁኔታ ውስጥ ያሉት የማይታወቁ ቁጥሮች ብዛት ስንት የቤል ጥንድ እንደሚበቃ ይወስናል። አራት ከሆኑ ሁለት ጥንድ ይበቃል፤ ሁኔታው ራሱ በስንትም ኩቢት ላይ ቢዘረጋ።

መልስ 21 የመረረ ነው። የማስተርስ ተማሪ እንደነበረ ጻፈ፤ የት እንደሆነ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በመመረቂያ ጽሑፉ ጥንዱን ቆጥሮ ዝቅ ያለ ቁጥር አገኘ። ቁጥሩ ከሌሎቹ ካነሰ አይታተምም ተባለ። ጥንዱን ከወጪው አውጥቶ እንደገና እንዲያሰላ ተመከረ። አደረገው። ቁጥሩ ከፍ አለ፤ ፕሮቶኮሉ ግን ያው ነው። እስከ ዛሬ ያንን ገጽ ማየት እንደማይወድ ተናገረ። ብዙ ሰው ልብ ምልክት ሰጠው። እኔም ሰጠሁት። ቀመርን መምረጥ ችግር የለውም። የመረጡትን አለመናገር ነው ሌላውን የሚያሳስተው። እሱም ገጹን ያልወደደው ለዚህ ይመስለኛል።

መልስ 22 ጀርመን ውስጥ በኦፕቲክስ ላብራቶሪ በቴክኒሻንነት ከሚሠራ ወገናችን ነው። ቀመሮቹ ስለ እጅ ሥራው ምንም እንደማይሉ አነሣ። የክፍሉ ሙቀት ትንሽ ከተለወጠ በፋይበሩ ውስጥ የብርሃኑ አቅጣጫ ይዞራል፤ ሁሉም እንደገና ይስተካከላል። በቀን የሚለካበት ሰዓት ከሚያስተካክልበት ያንሳል። ከዚያ ብዙዎቻችን ያላሰብነውን ወሰን አመጣ። ፎቶኖችን በመስታወትና በከፊል አንጸባራቂ ብቻ የምንለካ ከሆነ፣ ተጨማሪ ፎቶን ካልታከለ፣ ላኪዋ ስትለካ የሚወጡትን አራቱን የቤል ውጤቶች ከግማሹ ጊዜ በላይ መለየት አይቻልም። በ1997 በኢንስብሩክ የዛይሊንገር ቡድን የመጀመሪያዎቹን የቴሌፖርቴሽን ሙከራዎች አንዱን ሲሠራ ከአራቱ አንዱን ብቻ ነበር የሚለየው። ስለዚህ በወረቀት ያለው 25 በመቶ እንደገና ለአራት ይካፈላል፤ 6.25 በመቶ። ይህም ፎቶን ጠፍቶ የሚባክነውን ሳንቆጥር ነው።

መልስ 23 የሱፐርደንሱን ታሪክ አሟላ። በ1996 በዚያው በኢንስብሩክ ሲሞከር ከአራቱ መልእክቶች ሦስቱ ይለዩ ነበር። ያ በሐሳብ ደረጃ 1.58 ቢት ነው። ከስሕተቱ ጋር የተለካው አቅም ግን 1.13 ቢት ሆነ። በ2017 የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ላብራቶሪ በፋይበር ላይ 1.665 ቢት ደረሰ። ሃያ ዓመት የፈጀው ከ1.13 ወደ 1.665 ለመውጣት ነው። በእኔ ዓይን ይህ ትልቅ ድል ነው። 200 በመቶ ብሎ ከሚጽፍ ቀመር ይልቅ ይህች ግማሽ ቢት የሰው ላብ አለባት።

መልስ 24 ከሱቁ ባለቤት፣ ከመልስ 4። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ጥንዱ መንገድ ላይ ሲጠፋ ኪሳራው የማን ነው? መምህሩ ከሥር በአጭሩ መለሱለት። በጥንድ የሚሠራበት ጥቅሙ ይኸው ነው። የጠፋው ጥንድ ባዶ ነው፤ መልእክት አልተጫነበትም። ሌላ ይላካል። ውዱ ኩቢት የሚነሣው ጥንዱ በሰላም መድረሱ ከታወቀ በኋላ ነው። ሱቅ ያለው ሰው ባዶ ኬሻ ጠፋ እንደማለት ነው ብሎ ተረዳው። ጥሩ ነው የተረዳው። ሳተላይቷ 5 ሚሊዮን ጥንድ አባክና አንድ ስታደርስ ለምን እንደማይታዘንላት እኔም በዚህ ገባኝ።

መልስ 25 ከመልስ 10 ጸሐፊ ነው። ጥሎን የሄደ መስሎኝ ነበር። መልስ 19ን ሦስት ቀን ሲያነብ እንደቆየ ጻፈ። በዜሮ ማካፈሉን መተዉን ተናገረ። መልስ 11ን አላነሣም። ይልቅ አንድ ስሌት ይዞ መጣ። ጥራቱ 0.95 ለሆነ ጥንድ ራሱ ሠርቶ ለቴሌፖርቴሽኑ 0.967፣ ለሱፐርደንሱ 1.63 ቢት አግኝቷል። ትክክል መሆኑን እንድናይለት ለመነን። ወረቀቴን እንደገና አወጣሁና መስመር በመስመር አረጋገጥኩለት። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከእኔ በፊት ግን ሌላ ሰው ደርሶ የስምምነት ምልክት አድርጎለት ነበር። መልስ 11ን የጻፈው ሰው ነው።